ጥሩ ጌም ለወዳጅ እንዴት ይጠቆማል? ለኮኪትና ለመተማ ቆላ ተጫዋቾች

ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው አስፋልት ላይ ባለችው ኮኪት፣ ወጣቱ አዲስ ጌም የሚያገኘው በአብዛኛው ከጓደኛው አፍ ነው። «ይሄን ጫነው፣ አንደኛ ነው!» ይላል አንዱ። ሌላው ካርድ ሞልቶ፣ ጥቅል ገዝቶ፣ ቦታ እንዲገኝ ፎቶዎቹን ሰርዞ ሲያወርድ ያመሻል። ከዚያ ጌሙ አልከፍት ይላል፣ ወይም ያለ ኢንተርኔት ንቅንቅ አይልም፣ ወይም ስልኩን እንደ ምጣድ ያግለዋል። የጠቆመው ልጅ ክፋት አላሰበም፤ የወደደውን ወዳጁም እንዲወድለት ነው የፈለገው። ሳይናገር የቀረው ግን ብዙ ነው፦ በምን ዓይነት ስልክ እንደተጫወተው፣ ስንት ሜጋባይት እንደበላበት፣ የት ደረጃ ላይ እንደሰለቸው።

ጌም መጠቆም በሌላ ሰው ገንዘብና ጊዜ ላይ መወሰን ነው። ዋይፋይ በየቤቱ ባለበት አገር የተሳሳተ ጥቆማ ብዙ አይጎዳም፤ ሞክሮ ማጥፋት ነው። የቀን ሥራ ሠርቶ ጥቅል ለሚገዛ ልጅ ግን የጠፋው ጊጋባይት የጠፋ ብር ነው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች የወደዳችሁትን ጌም ለሌላው ስትጠቁሙ፣ ወይም ሌላው ሲጠቁማችሁ፣ ያ ብር እንዳይባክን የሚረዱ ናቸው።

መጀመሪያ ራሳችሁ ተጫወቱት፤ ቢያንስ እስኪከብድ ድረስ

በነፃ የሚወርዱ የሞባይል ጌሞች አብዛኞቹ አሠራራቸው ይመሳሰላል። የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ቀላል ናቸው፤ ሽልማቱ ይዘንባል፤ ማስታወቂያውም ጥቂት ነው። ቆይቶ ደረጃው ይከብዳል፣ «ሕይወት» ያልቃል፣ ወይ ጠብቁ ወይ ማስታወቂያ እዩ ወይ ክፈሉ ይላል። በመጀመሪያው ሰዓት ደስታ የተሰጠ ጥቆማ ይህን ሁሉ አያውቅም። ስለዚህ ጌሙ ገንዘብ መጠየቅ እስከሚጀምርበት፣ ወይም ደጋግማችሁ እስከምትሸነፉበት ድረስ ሳትደርሱ ለማንም አትንገሩ። እዚያ ደርሳችሁም አሁንም መክፈት ካሰኛችሁ፣ ያ ጌም ሊጠቆም ይገባዋል።

አንድ ሙከራ ግን ፈጽሞ አትዝለሉ። ጌሙን ሙሉ በሙሉ ዝጉት። የአውሮፕላን ምልክት ያለባትን ቁልፍ ተጭናችሁ ስልኩን ከኔትወርክ አውጡት። ከዚያ ጌሙን እንደ አዲስ ክፈቱት። ሙሉ በሙሉ የሚሠራ ከሆነ «ያለ ኢንተርኔት ይሠራል» ማለት ትችላላችሁ። ከፍቶ መሐል ላይ ምልክት እያሽከረከረ ከቆመ፣ ኢንተርኔት ግድ ይለዋል። ከፍቶ አንዳንዱን ክፍል ብቻ የሚያስጫውት ከሆነ ደግሞ የትኛው ክፍል እንደሚሠራ መዝግቡ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፐብጂ ሞባይል 100 ተጫዋቾችን አንድ ሜዳ ላይ የሚያወርድ ስለሆነ ያለ ኔትወርክ ትርጉም የለውም። ፍሪ ፋየርም እንዲሁ ነው። የኳስ ጌሙ ኢፉትቦልም ዋና ዋና ውድድሮቹን ያለ ኢንተርኔት አያስጫውትም።

ይህ ሙከራ ለእኛ አካባቢ ከሌላው የበለጠ ያስፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ ጌም ስልክ ላይ ቦታ ይዞ ከመቀመጥ በቀር ጥቅም አልነበረውም። ያኔ ሰው ያመሸው በቼዝ፣ በሉዶና ከስልክ ወደ ስልክ በተገለበጡ የቆዩ ጌሞች ነበር። ዛሬም ኔትወርኩ ሲቆራረጥ የሚያስመሹት እነሱ ናቸው።

ኢንተርኔት የሚፈልግ ጌም ከሆነ ደግሞ ፍጆታውን ለኩ። በስልኩ «ሴቲንግ» ውስጥ የዳታ አጠቃቀም የሚያሳይ ገጽ አለ፤ እያንዳንዱ አፕ የበላው ለብቻው ተጽፏል። ከመጫወታችሁ በፊት ያለውን ቁጥር ያዙ፣ አንድ ሰዓት ተጫወቱ፣ ተመልሳችሁ እዩ፣ ቀንሱ። ያ ቁጥር ከየትኛውም አድናቆት ይበልጣል። «ግራፊክሱ ጉድ ነው» ከሚል ሰው ይልቅ «በሰዓት ይህን ያህል ሜጋ ይበላል» የሚለውን እመኑ።

ከመናገራችሁ በፊት ጠያቂውን ጠይቁ

«ምን ጌም ልጫን?» ለሚል ሰው መልሱ ጥያቄ መሆን አለበት። ሐኪም እንኳ ምን አመመህ ሳይል መድኃኒት አያዝም። ንግግሩ ለምሳሌ እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦

«ወንድሜ፣ ደህና ጌም ጠቁመኝ እስቲ።»
«ስልክህ ምንድን ነው?»
«ቴክኖ ናት፤ አሮጌ ናት።»
«ስንት ጊጋ ባዶ ቦታ አላት?»
«እ... አላየሁም።»
«አምጣት እንያት። ደግሞ የምትጫወተው መቼ መቼ ነው?»
«ሱቅ ስጠብቅ ነው፣ ቀን ቀን።»

በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ ግማሹ መልስ ተገኝቷል። ስልኩ አቅም የለውም፤ ቦታው አይታወቅም፤ ተጫዋቹ ገበያተኛ በመጣ ቁጥር ማቋረጥ አለበት። ለዚህ ልጅ ፐብጂ መጠቆም በደል ነው። አንዱ ግጥሚያ እስከ ግማሽ ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ መሐል ላይ «ቆይ ስኳር ልሽጥ» ቢሉት የሚጠብቅ ተጋጣሚ የለም። ፍሪ ፋየር በ50 ተጫዋቾች የሚካሄድና በ10 ደቂቃ አካባቢ የሚያልቅ በመሆኑ ትንሽ ይሻላል፤ እሱም ግን አይቆምም። ለሱቅ ጠባቂ የሚሆነው በፈለገ ሰዓት አስቁሞት፣ ደንበኛ ሸኝቶ፣ ካቆመበት የሚቀጥለው ጌም ነው።

ስለ ቦታ ስታወሩ ፕሌይስቶር ላይ በሚታየው ቁጥር አትታለሉ። ብዙ ጌሞች ከተጫኑ በኋላ ሲከፈቱ ሌላ ተጨማሪ ፋይል ያወርዳሉ። እውነተኛውን ክብደት የምታገኙት ስልካችሁ ላይ ነው፦ ሴቲንግ ግቡ፣ አፕስ የሚለውን ክፈቱ፣ ጌሙን ምረጡ፣ ስቶሬጅ የሚለውን እዩ። እዚያ ያለውን ንገሩ። የሞባይሉ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ከ2 ጊጋባይት በላይ ይይዛል። ስልኩ በጠቅላላው 16 ጊጋ ከሆነና ቴሌግራሙ በቪዲዮ ከተሞላ፣ ያ ጌም የሚገባው አንድ ነገር ሲወጣ ነው። መጀመሪያ የቴሌግራምን የተጠራቀመ ፋይል ማጽዳት ስለሚቻል፣ ልጁ ፎቶ ከመሰረዙ በፊት ይህን አሳዩት።

ሌላው የመተማ ቆላ ጉዳይ ሙቀት ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪን ሊያልፍ ይችላል። አፕል አይፎኖቹ ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለው አየር ውስጥ እንዲሠሩ ይመክራል፤ በእነዚያ ወራት ቀን ቀን እዚህ ያለው አየር ራሱ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ስልክ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ጌሙ መቆራረጥ ይጀምራል፤ ስክሪኑ ይደበዝዛል። ጎንደር ከተማ ላይ ጥሩ የሠራ ጌም ኮኪት ላይ አልሄድ ቢል ስልኩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ስለዚህ «ይቆራረጣል» ብሎ ከመፍረድ በፊት ጌሙን አመሻሽ ላይ፣ ከቻርጅ ነቅላችሁ፣ የስልኩን ልባስ አውልቃችሁ ሞክሩት። ስትጠቁሙም ጨምሩበት፦ «ቀን አትሞክረው፤ ማታ ነው የሚሄደው።» እንዲህ ያለ ምክር ከአዲስ አበባ አይመጣም፤ የሚሰጠው እዚሁ ቆላ የተጫወተ ሰው ብቻ ነው።

የመብራት ነገርም አለ። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ወርዶ እርሻ ላይ የሰነበተ ሠራተኛ ስልኩን ቻርጅ የሚያደርገው ከተማ ሲወጣ ነው። ባትሪው ለቤተሰብ ስልክ መደወያው ነው። ለእሱ ከባድ ግራፊክስ ያለው፣ ድምፁ የሚያስተጋባ ጌም አትጠቁሙ። ቁልፍ ስልክ ከሆነ የያዘው፣ እዚያው ውስጥ ያለው የእባብ ጌም ይበቃዋል። ኖኪያ ያን እባብ እ.ኤ.አ. በ1997 በ6110 ስልኩ ላይ ካወጣው ጀምሮ በዓለም ላይ ስንቱን አስመሽቷል። ቁልፍ ስልክ የያዘ ሰው ጌም አያስፈልገውም ብላችሁ አትለፉት።

የቋንቋውንም ጉዳይ አትርሱ። የጌሞቹ መመሪያ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ ታሪክ ተከትሎ የሚሄድ ጌም እንግሊዝኛ ለማያነብ ሰው ግማሹ ይጠፋበታል። ኳስ፣ መኪና፣ ቼዝ፣ ሉዶ ግን ሳይነበብ ይገባል።

ስትናገሩ ምን ትላላችሁ

«በጣም ያዝናናል»፣ «ሱስ ያስይዛል»፣ «ግራፊክሱ እንደ እውነት ነው» የሚሉት አባባሎች ለማንኛውም ጌም ይሆናሉ፤ ስለዚህ ለአንዱም አይሆኑም። ጥቆማችሁ ሊይዝ የሚገባው፦ ጌሙ ውስጥ ምን እንደምታደርጉ፣ በምን ስልክ እንደሞከራችሁት፣ ምን እንደሚያስወጣ፣ ምኑን እንደጠላችሁት ነው። ሳን አንድሪያስን አንድ ጎንደሬ ልጅ እንዲህ ቢጠቁም እኔ አምነዋለሁ፦

«ሳን አንድሪያስን ጫንሁት። እ.ኤ.አ. በ2004 ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣ አሮጌ ጌም ነው፤ ወደ ሞባይል የመጣው ኋላ ነው። ከተማው ሙሉ ክፍት ነው፤ መኪና እየነዳህ፣ ሥራ እየተቀበልህ ትሄዳለህ። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ከ2 ጊጋ በላይ ይይዛል። በእኔ ቴክኖ ማታ ማታ ጥሩ ይሄዳል፤ ቀን ይግላል። የጠላሁት ስክሪኑ ላይ ያሉት ቁልፎች ናቸው፤ በጣት መኪና መንዳትና መተኮስ አንድ ላይ ያስቸግራል። ታናሽ ወንድምህ ባለበት አትክፈተው፤ ስድብና ግድያ አለበት።»

ይህ ንግግር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የሰማው ልጅ ግን ሊጭነው ወይም ሊተወው የሚችልበትን ሁሉ አግኝቷል። በተለይ «የጠላሁት» የምትለዋን ክፍል አትዝለሉ። ምንም እንከን ያልተነገረበት ጌም፣ ወይ በደንብ አልተጫወቱትም ወይ ሊሸጡት ነው።

የጌሙ ዕድሜ እንከን እንዳይመስላችሁ። አማንግ አስ የሚባለው ጌም እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር። የሠሩት ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በ2020 በቀጥታ ሥርጭት የሚጫወቱ ሰዎች ለተመልካቾቻቸው ሲያሳዩት ዓለምን አዳረሰ። ቴትሪስ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። አሌክሲ ፓጂትኖቭ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ውስጥ በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሠራው፤ መጀመሪያ የተሰራጨው ሱቅ ሳይገባ፣ ከእጅ ወደ እጅ በዲስክ እየተገለበጠ ነው። አንዱ ለሌላው «እስቲ ይሄን ሞክር» እያለ። ዛሬ በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ የምትልኩት ጌም የሚሄደው በዚያው መንገድ ነው። እናም አሥር ዓመት ያለፈው ጌም ለመጠቆም አትፈሩ፤ ለአሮጌ ስልክ የሚስማማው ብዙ ጊዜ አሮጌ ጌም ነው።

ስታቀብሉ ተጠንቀቁ

በዜንደር ወይም በሼርኢት መላክ ዳታ ያድናል፤ ለኮኪት ተጫዋች ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ከማን ስልክ የመጣ ፋይል እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ። ከፕሌይስቶር የወረደውን ራሱን ላኩ። «ገንዘቡ የማያልቅ»፣ «ሁሉም የተከፈተ» እየተባለ የሚዞረው የተቀየረ ፋይል ማን እንደነካካው አይታወቅም። ሲጫን የሚጠይቀውን ፈቃድ አንብቡ። የመኪና ጌም የአጭር መልእክታችሁን ለማንበብ ምን አገባው? የስልክ ማውጫችሁንስ? ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በየስልካችን ገብቷል፤ የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚመጣው ደግሞ በአጭር መልእክት ነው። መልእክት ማንበብ የሚፈልግ ጌም ካጋጠማችሁ ሰርዙት፤ ለሰጣችሁም ሰው ንገሩት። ፋይሉን ለመጫን ብላችሁ ካልታወቀ ምንጭ እንዲጭን ለስልኩ ፈቃድ ሰጥታችሁ ከሆነ፣ ሲያልቅ መልሳችሁ ዝጉት።

ስለ ኳስ ጌም አንድ እውነት መነገር አለበት። በእጅ የሚያዘውን የሶኒ ፒኤስፒ ጌሞች ስልክ ላይ የሚያስጫውተው ፒፒኤስኤስፒፒ የተባለው አፕ ራሱ ነፃና ጥሩ ነው፤ በቀላል ስልክም ይሄዳል። በእሱ የሚከፈት «ፔስ 2024»፣ «ፔስ 2025» እየተባለ የሚዞር ፋይል አለ። ፔስን የሚሠራው ኩባንያ ኮናሚ ለፒኤስፒ ያወጣው የመጨረሻው ግን ፔስ 2014 ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ደጋፊዎች በዚያው በአሮጌው ጌም ላይ አዲስ ማሊያና አዲስ ስም እያለበሱ የሚያዘጋጇቸው ናቸው። መጥፎ ናቸው አልልም፤ አንዳንዶቹ የተደከመባቸው ናቸው። ግን «አዲስ ጌም ወጣ» ብላችሁ አትጠቁሙ። «የ2014ቱ ነው፣ ማሊያው አዲስ ነው» በሉ። ትልቅ ነው ተብሎ የሚነገረውን መጠንም እንዲሁ አመዛዝኑ፤ የፒኤስፒ ዲስክ የሚይዘው ቢበዛ 1.8 ጊጋባይት ነበር። የጌሞቹ ባለቤትነት የኩባንያዎቹ እንደሆነ ደግሞ አትዘንጉ፤ መግዛት የቻለ ቢገዛ ይሻላል።

ጌም ነው የሚባል ውርርድ

ይህን ክፍል ወንድሞቻችሁን የምትወዱ ሁሉ በጥሞና አንብቡት። «ጌም» እየተባለ ከሚጠቆመው ውስጥ ብር አስገብተህ ብር አውጣ የሚል አለ። አውሮፕላን ወደ ላይ እየወጣች ቁጥሩ ሲያድግ ሳትጠፋ ቶሎ አውጣ የሚለው አቪዬተር የዚህ ዓይነት ነው። ይህ ቁማር ነው። በጌም ክህሎት ያድጋል፤ ዛሬ የተሸነፋችሁበትን ደረጃ ነገ በልምድ ታልፉታላችሁ። አውሮፕላኗ መቼ እንደምትጠፋ ግን ምንም ያህል ብትለማመዱ አታውቁትም፤ አሠራሩ በረጅም ጊዜ ትርፉ ለአጫዋቹ ድርጅት እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ነው። በአገራችን ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው ስፖርት ውርርድ ላይ መሳተፍ ክልክል ነው። የሰሊጥ ደመወዝ በእጅ ላይ በሚገባበት ወቅት ይህን ለወዳጅ መጠቆም ደመወዙን መጠቆም ነው። እናንተ ብታሸንፉም አትጠቁሙት።

ውስጡ የሚከፈልበት ተራ ጌም ደግሞ ሌላ ነው። ለልብስና ለመሣሪያ ጌጥ ብር የሚጠይቅ ከሆነ «ሳይከፈል እስከምን ድረስ ይኬዳል?» የሚለውን መልሱ። ቼዝ ለሚወድ ሰው ሊቼስ የተባለውን አፕ ያለ ምንም ማመንታት እጠቁማለሁ፤ ማስታወቂያ የለውም፣ ክፍያ አይጠይቅም፣ ያለ ኢንተርኔትም ከስልኩ ጋር ያጫውታል።

ለልጅ ሲሆን

ፔጊ የተባለው የአውሮፓ መለያ ጌሞችን በ3፣ በ7፣ በ12፣ በ16 እና በ18 ዓመት ይከፍላቸዋል። ፕሌይስቶርም በየጌሙ ገጽ ላይ የዕድሜ ምልክት ያስቀምጣል። ሳን አንድሪያስ ባለ 18 ነው። የጎረቤት እናት «ልጄ፣ ይሄ ልጅ የሚጫወተው ደግ ነገር ነው?» ብለው ቢጠይቋችሁ በአክብሮት እውነቱን ንገሯቸው፤ «ምንም የለበትም» ብላችሁ አትሸፍኑ። «እማማ፣ ይሄኛው ለትልቅ ሰው ነው፤ ለእሱ የሚሆን ሌላ ልጫንለት» በሏቸው። ለልጅ ስትመርጡ ቅኔ ጌምስ የሠራውን ኩኩሉን አስቡት፤ የኢትዮጵያውያን ሥራ ነው፣ አንዲት ዶሮ ከሚያሳድዳት እየሮጠች የምታመልጥበት። ይኸው ድርጅት ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቶታል።

አብራችሁ ተጫወቱ

ከንግግር የሚበልጥ ጥቆማ አብሮ አንድ ዙር መጫወት ነው። ገበጣ በአገራችን ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው እንዲህ ነው፤ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ጠጠር ተሰብስቦ፣ ተቀምጦ በመጫወት። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣ ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ስላሉት ብዙ ዓይነት አጨዋወቶች ጽፈዋል። አንዱ በሁለት ረድፍ፣ ሌላው በሦስት ረድፍ ይጫወታል፤ ደንቡም ከቦታ ቦታ ይለያል። ስለዚህ የገበጣን አፕ ስትጠቁሙ «የእኛ አገር ደንብ ነው ወይ?» ተብላችሁ እንደምትጠየቁ ዕወቁ፤ አንድ ዙር መሬት ላይ፣ አንድ ዙር ስልክ ላይ ተጫውታችሁ ልዩነቱን አሳዩ። ሉዶ ኪንግን ለመጫወትም ለአራት ጓደኛ አንድ ስልክ ይበቃል፤ እያቀበሉ መጫወት ነው።

ጓደኛችሁ ሲጫወት እጁን አትንጠቁት። «በዚህ ሂድ፣ በዚያ ምታ» እያሉ ጆይስቲኩን የሚቀሙ ሰዎች ጌሙን ያስጠላሉ። አንዴ ይሸነፍ። ሁለተኛ ልሞክር ካለ ወዶታል።

የፔስና የፊፋ ክርክር

ጌም ቤት በተገባበት ሁሉ ይህ ክርክር አለ፤ ጥሩ ክርክርም ነው፣ በማስረጃ ከሆነ። ፔስ የብዙ የእንግሊዝ ክለቦችን ስም የመጠቀም ፈቃድ ስላልነበረው፣ ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ»፣ ማንቸስተር ሲቲ «ማን ብሉ» ይባሉ ነበር። ለክለቡ ስምና ማሊያ ለሚሞት ደጋፊ ፊፋ ያመዝናል። የፔስ ወዳጆች ደግሞ የኳሱን አካሄድና የተጫዋቹን እንቅስቃሴ ያነሳሉ፤ እኔም በዚህ በኩል ወደ ፔስ አደላለሁ። ዛሬ ሁለቱም ስማቸውን ቀይረዋል፤ ፔስ እ.ኤ.አ. በ2021 ኢፉትቦል ተባለ፣ ፊፋ ደግሞ በ2023 ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ሆነ። ኢፉትቦል ገና ሲወጣ ተጫዋቹ ክፉኛ ነቅፎት ነበር፤ ኋላ ብዙ ተሻሻለ። ስለዚህ ስትከራከሩ የየትኛውን ዓመት ጌም እንደምትሉ ተናገሩ። አንዱ ስለ 2013ቱ፣ ሌላው ስለ ዘንድሮው እያወራ ሌሊቱን ሙሉ የሚጨቃጨቁ ሰዎች አሉ።

የሌላውን ምርጫ አታናንቁ። የእርሻ ጌም የምትወድ ልጅ ስለ ተኩስ ጌም ከሚያወራው ያነሰች ተጫዋች አይደለችም። እሷ ያላየችውን አንተ፣ አንተ ያላየኸውን እሷ ልታሳዩ ትችላላችሁ፤ ሴቶች ልጆች ጥቆማ ውስጥ እምብዛም ስለማይጠየቁ ሆን ብላችሁ ጠይቋቸው።

ተመልሳችሁ ጠይቁ

ከሳምንት በኋላ የጠቆማችሁትን ሰው አግኙት። ይጫወተዋል ወይስ አጠፋው? ካጠፋው ለምን? ስልኩ ነው? ዳታው ነው? ሰለቸው? መልሱን ያዙት፤ ለሚቀጥለው ጠያቂ ጥቆማችሁን አስተካክሉበት። በአንድ ስልክ የሠራው በሌላው ካልሠራ፣ «በቴክኖው ሄዷል፣ በአይቴሉ ግን አልከፈተም» ማለት ትችላላችሁ። እንዲህ ያለው መረጃ በኮኪት ውስጥ ካልተሰበሰበ ከሌላ ከየትም አይመጣልንም።

ዛሬ ማታ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ስልካችሁ ላይ ካሉት ጌሞች አንዱን ምረጡ። በአውሮፕላን ቁልፏ ፈትኑት፣ ክብደቱን ከስቶሬጅ ገጹ ላይ አንብቡ፣ የጠላችሁበትንም ነገር አስታውሱ። ከዚያ ለአንድ ሰው ብቻ ንገሩት፤ በመጀመሪያ ግን ስልኩ ምን እንደሆነ ጠይቁት።